ከምባታ ግርዛትን የተወችበት መንገድ

ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በሚነሣ ጨዋታ ሁሉ ሁለት ነገር ይሰማል፤ ወይ ከምስጋና በቀር ምንም የሌለበት የምረቃ በዓል ንግግር ነው፣ ወይ ደግሞ ስለ ላንድክሩዘር፣ ስለ አበልና ስለ ሆቴል ስብሰባ የሚወራ ሐሜት ነው። ሐሜቱ መሠረት የለውም አልልም፤ በኅብረተሰብ ጤና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ባነር ተሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ያልተለወጠባቸውን ሥልጠናዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ምስጋናውም ሆነ ሐሜቱ አንድ ድርጅት ሲሳካለት በምን ምክንያት እንደተሳካለት አይነግረንም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው የጤናን፣ የትምህርትንና የመብትን ሥራ ሳይነጣጥል ስለያዘ አንድ አገር በቀል ድርጅት ነው። ሙሉ ስሙ ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ኬኤምጂ ኢትዮጵያ በሚለው አጭር ስሙ ነው።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ናቸው፤ እህታቸው ፍቅርተ ገብሬም ከጅምሩ አብረዋቸው ነበሩ። ዶ/ር ቦጋለች የተወለዱት በከምባታ፣ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። ሴት ልጅ ከውኃና ከማገዶ ሌላ ጉዳይ ይኖራታል ተብሎ በማይታሰብበት ዘመን፣ ውኃ ልቀዳ እያሉ ከቤት በመውጣት ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ። በ12 ዓመታቸው ገደማ ሲገረዙ ብዙ ደም ፈስሷቸው ለሞት ተቃርበው ነበር፤ በኋላም ሌላ እህታቸውን በወሊድ አጥተዋል። ከመንደሩ ወጥተው አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂና ፊዚዮሎጂ አጠኑ፤ ቀጥሎም በፉልብራይት ነፃ የትምህርት ዕድል አሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በሎስ አንጀለስ ደግሞ የኤፒዴሚዮሎጂ ትምህርት ተከታተሉ። እዚያው ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ ያሰባስቡ፣ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ይልኩ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነሣው ለአድናቆት ብቻ አይደለም። የበሽታ ስርጭት ያጠኑ ሰው ስለነበሩ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ በቅድሚያ ሊናገሩበት የፈለጉት ግርዛትን ሳይሆን ኤችአይቪን ነበር፤ የሥራው አካሄድ የተቃናውም ከዚህ አነሣሥ ይመስለኛል።

ሴት በአደባባይ ቆማ፣ ያውም በወንድና በሴት ግንኙነት ስለሚተላለፍ በሽታ፣ መናገሯ ነውር በሆነበት ቦታ ዶ/ር ቦጋለች በቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበ ሕዝብ ስለ ኤችአይቪ ተናገሩ። የአካባቢው ሰዎች ግን ከዚህ የሚቀድም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። በመንደሮቹ መካከል ያለው ሸለቆ ድልድይ ስላልነበረው ሴቶች ገበያ፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ለመድረስ ይቸገሩ ነበር፤ ስለዚህም የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ድልድይ ነበር። በዛሬው የፕሮጀክት አሠራር ቢሆን ኖሮ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ድልድይ የመንገድ ባለሥልጣን ሥራ ነው፣ በእኛ የውጤት ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፣ ለጋሹም አይፈቅድም። ኬኤምጂ ግን ገንዘብ አፈላልጎ ድልድዩን ሠራ። ሕዝቡ ሌላውንም ነገር ማዳመጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲነገር እንደ ማባበያ ተደርጎ ነው፤ ሰውየውን ደስ አሰኝተህ የፈለግኸውን አስፈርመው እንደማለት። እኔ እንደዚያ አላየውም። ድልድዩ ራሱ የጤናና የትምህርት ሥራ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ሸለቆ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ጤና ጣቢያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከትምህርት የምትቀረውም በአብዛኛው ሴቷ ልጅ ናት። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ድርጅቱ ሊሠራው ከመጣው ጉዳይ ውጭ አልነበረም፤ የጠሩት ግን በራሳቸው ስም ነው።

ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ድርጅቱ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለውን ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። ዘዴው በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ከቀበሌው ነዋሪዎች አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተመርጠው አወያይነት ይሠለጥናሉ፤ ሃምሳ ያህል ሰዎች፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ባለሥልጣኑም ገራዧም፣ ወንዱም ሴቷም፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይገናኛሉ፤ ይህም ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቀጥላል። አወያዮቹ የሚሠለጥኑት መልስ ለመስጠት ሳይሆን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው። ቀላሉ ነገር ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የተማረ ሰው በአገራችን ገበሬ ፊት ሲቆም ያለ ማስተማር መቀመጥ አይሆንለትም።

ከዓመታት በፊት በዱራሜ አቅራቢያ በሚገኝ ቀበሌ እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር። ከምባትኛ ስለማልሰማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጆሮዬ እየተረጎመልኝ ነበር የምከታተለው። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ የእንሰት ቅጠል አንጥፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አወያይዋ ቅቤ የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ባልደረባዋ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ተሰብሳቢዎቹ የቀበሌውን ካርታ መሬት ላይ በአመድ እንዲሥሉ አደረጉ፤ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቤቶቹን። ከዚያም አወያይዋ ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ለሴቶቹ አከፋፍላ፣ በምታስታውሱት ዘመን ሴት በወሊድ የሞተችበት ቤት ካለ እዚያ ላይ አስቀምጡ አለች። ፍሬው እየበዛ ሲሄድ አንድ አዛውንት ተነሥተው ያቺኛዋ በወሊድ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሞተችው ብለው ሊያነሡት እጃቸውን ዘረጉ። አንዲት ባልቴት ቀደም ብለው እጃቸውን ያዟቸውና በዚያች ሌሊት በቤቱ ውስጥ የነበሩት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ልጂቱ ሁለት ቀን አምጣ እንደተቀደደች፣ ደሙም በጠባሳው በኩል አልቆም እንዳለ ተናገሩ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ረዥም ነበር። እኔ የጠበቅሁት አወያይዋ አሁን ስለ ግርዛት ጉዳት ማስረዳት ትጀምራለች ብዬ ነው፤ እርሷ ግን ካርታውን ማንም እንዳያጠፋው አደራ ብላ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን እንገናኝ ብላ በተነችን።

የግርዛት ጉዳት ሕዝቡ ሳያውቀው የኖረ ነገር አልነበረም ማለት ነው። እናቶች ያውቁታል፤ ገራዧም ታውቀዋለች። እንዲቀጥል ያደረገው አለማወቅ ሳይሆን ጋብቻ ነው። በከምባታ ግርዛት የሚፈጸመው ልጂቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ፣ ከጋብቻ በፊት ሲሆን፣ ከተገረዘች በኋላም ቅቤ እየተቀባች፣ እየተቀለበች፣ ስጦታ እየተቀበለች ትሰነብታለች። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም፤ ባል ያላገኘች ልጅ ደግሞ መሬትም፣ ቤትም፣ ክብርም የላትም። እንግዲህ አንድ አባት ብቻውን ልጄን አላስገርዝም ቢል ትክክለኛ ሥራ ሠርቶ ልጁን ግን ጎድቶ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን አንድ በአንድ ማሳመን ብዙ ርቀት አይወስድም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአደባባይ፣ እርስ በርሱ እየተያየ መተው አለበት። ኬኤምጂ ከብዙዎቻችን ቀድሞ የተረዳው ይህንን ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ የተዳረችበት ሠርግ ትርጉሙ ከዚህ አንጻር ነው። በሠርጉ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተገኝቷል። ሙሽራዋ እንዳልተገረዘችና ሌሎችም ከእርሷ እንዲማሩ የሚናገር ጽሑፍ፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንግበው ነበር። ለከተማ ሰው ይህ ነገር ትንሽ የሚያሳፍር ይመስላል፤ የሙሽራ ገላ እንዴት የአደባባይ ጽሑፍ ይሆናል ያሰኛል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ያልተገረዘች አትዳርም የሚለው ፍርድ የተሰጠው በአደባባይ እስከሆነ ድረስ የሚሻረውም በአደባባይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሙሽራዋ ይልቅ የሙሽራው ጽሑፍ ይበልጥ ሥራ የሠራ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥንዶችም ተከተሉ፤ ያልተገረዙ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ ተደራጁ፤ ሙሉ አካል፣ ጤናማ ሕይወት በሚል መሪ ቃል ዓመታዊ በዓል ይከበር ጀመር። ዕድሩም በበኩሉ ውሳኔ አሳለፈ፤ ልጁን ያስገረዘ ወይም የሰው ልጅ የጠለፈ ከዕድር ይወገዳል ተባለ። ቀባሪ ማጣት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሕጉ የመጣው ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም በአንቀጽ 565 ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርቶ ወንጀል አለው። ቅጣቱ ግን ከ3 ወር ያላነሰ እስራት ወይም ከ500 ብር ያላነሰ መቀጮ ነው። በሕግ ብቻ አገር የሚለወጥ የሚመስለው ሰው ይህን አንቀጽ ከዕድሩ ውሳኔ ጋር ቢያነጻጽረው ጥሩ ነው፤ መቀጮውን ከፍሎ መገላገል የሚችል ገበሬ ብዙ ነው፣ ከዕድር መወገድን የሚችል ግን የለም። ሕጉ ግን ዋጋ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። አስቀድሞ ለመተው ለወሰነው ሕዝብ ሕጉ መከታ ሆነለት፤ ልጁን ላለማስገረዝ የፈለገ አባት አማቾቹን፣ መንግሥት ከልክሏል እኔ ምን ላድርግ፣ ብሎ ለመመለስ ጠቅሞታል።

ውጤቱን በተመለከተ የሚጠቀሱ ቁጥሮች አሉ። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባደረገው ጥናት 96 በመቶ የሚሆኑት የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን ነዋሪዎች ድርጊቱ መቅረት አለበት ብለዋል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ግን 97 በመቶው ደጋፊ ነበር። ዶ/ር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 ከቤልጂየም የንጉሥ ቦዱዋን ዓለም አቀፍ የልማት ሽልማትን የተቀበሉት በዋናነት በዚህ ሥራ ነው። ለውጡ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሲነበብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥናቱ የተካሄደው ግርዛት ወንጀል ከሆነ በኋላ ነው፤ ወንጀል የሆነን ነገር ትደግፋለህ ወይ ተብሎ በመዝገብ ያዥ ፊት የሚጠየቅ ሰው መልሱን ያውቃል። አመለካከትና ድርጊትም አንድ አይደሉም። ስለዚህ እኔ ይበልጥ የማምነው በዕድሜ ተከፋፍሎ የሚታየውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከ45 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 75 በመቶ፣ ከ15 እስከ 19 ከሆኑት ግን 47 በመቶ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። በአጠቃላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሴቶች ዘንድ መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 80 በመቶ ወደ 65 በመቶ ወርዷል። በሶማሌ ክልል ግን 99 በመቶ፣ በአፋር 91 በመቶ ነበር። አገሪቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደች ነው፤ የከምባታ ልዩነት እዚያ የደረሰችበት ፍጥነት ነው።

ከሦስቱ የድርጅቱ መስኮች ብዙ የሚያስከፍለው መብት የሚለው ነው። ለጤናና ለትምህርት የማይሰጥ ለጋሽም፣ የማይፈርም ባለሥልጣንም የለም። መብት ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናት መብትና በመሳሰሉት እንዳይሠራ ከለከለ። በአገር ውስጥ የሚሰበሰብ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ መዝጋት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታግዶበት ሠራተኞቹን እስከ መበተን ደረሰ። ሌሎች ደግሞ ሥራቸውን ስም ለወጡለት፤ መብት የነበረው ጤና ተባለ፣ ጥበቃ የነበረው የኑሮ ማሻሻያ ሆነ። በዚያ ዘመን የፕሮጀክት ሰነድ ስጽፍ መብት የሚለውን ቃል እያደንኩ ማውጣት የተለመደ የአርትዖት ሥራዬ ነበር። ከቃሉ ጋር አብሮ የወጣው ነገር ግን የዋዛ አልነበረም። አንዲት ልጅ የጠለፋትን ሰው ለመክሰስ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ አብሯት የሚቆም ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ከዚያ መስመር ነበር። ከተጠለፈች በኋላ ስለ ፆታ ጤና ብታስተምራት ምን ይጠቅማታል? አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ ክልከላው ቀረ፤ በዚያ መካከል የጠፋው ልምድና የተበተነው ባለሙያ ግን በአዋጅ ተመልሶ አይመጣም።

የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለውን ዘዴም በኋላ አገር ምድሩ ወረሰው። በኤችአይቪ ዘመቻው ጊዜ በየቀበሌው ይካሄድ ነበር። ብዙ ቦታ ላይ ግን ስሙ ተወስዶ ትዕግሥቱ ቀረ፤ አወያዩ ከተዘጋጀ ጽሑፍ ያነባል፣ ተሰብሳቢው ያጨበጭባል፣ ቃለ ጉባኤ ይሞላል። በከምባታ ከውይይቱ የተገለለ ሰው እንዳይኖር የተደረገው ጥረትም ሲገለበጥ ብዙም ትኩረት አላገኘም። በሸክላና በእጅ ሥራ የሚተዳደሩት፣ ፉጋ እየተባሉ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ሲገለሉ የኖሩት ወገኖች ጉዳይ የኬኤምጂ ሥራ አካል ነበር፤ እነርሱ በሌሉበት የሚደረግ ውይይት የማኅበረሰቡ ውይይት ሊባል አይችልም።

ዘዴው በሁሉም ቦታ እንዳለ ይሠራል ብዬም አላምንም። በከምባታ ልጂቱ ስትገረዝ አድጋለች፤ አልፈልግም ማለት፣ ለመምህሯ መናገር፣ ጓደኞቿን ይዛ መቆም ትችላለች። የድርጅቱ ግማሽ ኃይል የነበሩት እነዚህ ልጃገረዶች ናቸው። በአማራና በትግራይ ግን ግርዛት ሲፈጸም የኖረው በጨቅላነት፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። የስምንት ቀን ሕፃን ክበብ አታቋቁምም፤ በሠርጓም ቀን ጽሑፍ አንግባ ስለ ውሳኔዋ አትመሰክርም፤ ውሳኔው የእርሷ አልነበረምና። እዚያ ድርጊቱ የሚፈጸመው በአራስ ቤት ውስጥ፣ በሴት አያትና በልምድ አዋላጅ መካከል በሹክሹክታ ስለሆነ ሙሽራው ቀርቶ አባትየውም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ውይይቱ ሊጀመር የሚገባው ልጂቱ ከመወለዷ በፊት፣ በእርግዝና ክትትል ወቅት ነው፤ መጠራት ያለባቸውም እናቲቱ ብቻ ሳትሆን አማቷ፣ አዋላጇና የንስሐ አባቷ ናቸው። በተለይ የንስሐ አባት፣ ስምንተኛው ቀን ለወንድ ልጅ እንጂ ለሴት ልጅ የተሠራ ሥርዓት አለመሆኑን ቤቱ ገብተው ቢናገሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአሥር ጉብኝት የማታገኘውን ውጤት ያስገኛሉ።

ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ አርፈዋል። በተለያዩ ስብሰባዎች ላይ ስማቸው ሲጠራ እሰማለሁ፤ የሚጠራው ግን ከሞላ ጎደል ከሽልማታቸው ጋር ነው። አዲስ ፕሮጀክት ለሚነድፉ ወጣት ባለሙያዎች ከሽልማቱ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥራ ቅደም ተከተል ቢተረክላቸው እመርጣለሁ፤ በተለይም የትኛው በጀት ለድልድይ እንደዋለና ለጋሹ እንዴት እሺ እንዳለ።